ካሊፎርኒያ ውስጥ ባዶ ጣሳና ጠርሙስ መቀበያ ልትከፍቱ ካሰባችሁ

መጀመሪያ ይሄ ይግባችሁ፦ ለደንበኛው የምትመልሱት 5 ሳንቲም (24 አውንስና ከዚያ በላይ ለሚይዘው 10 ሳንቲም) ትርፋችሁ አይደለም። ሰውየው መጠጡን ሲገዛ ሱቅ ላይ ያስያዘው ገንዘብ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ በኋላ ከስቴቱ ፈንድ ይተካላችኋል፤ ስለዚህ በእጃችሁ የሚንቀሳቀስ ጥሬ ገንዘብ ሳትይዙ በሩን እንዳትከፍቱ።

እንጀራችሁ ያለው የሰበሰባችሁትን ጣሳና ጠርሙስ በምትሸጡበት ዋጋና ስቴቱ በሚጨምርላችሁ ክፍያ ላይ ነው። የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ዋጋ ሲወርድ የቤት ኪራዩና ደመወዙ አብሮ አይወርድም። ሪፕላኔት የሚባለው ትልቅ የጣሳና ጠርሙስ ተቀባይ ድርጅት በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. 284ቱንም ጣቢያዎቹን በአንዴ የዘጋው በዚሁ ጣጣ ነው፤ የስቴቱ ክፍያ መቀነሱንም ምክንያት አድርጎ ነበር። እና ሒሳባችሁን በዛሬው ዋጋ ሳይሆን በወረደ ዋጋ ሥሩት።

ይህን ሥራ ከሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ከካልሪሳይክል ፈቃድ አውጡ። ሚዛናችሁ ትክክል ይሁን። ደንበኛው ከእያንዳንዱ ዓይነት እስከ 50 ድረስ በሚዛን ሳይሆን በቁጥር ይከፈለኝ ካለ መብቱ ነው፣ አትከራከሩት።

ከረጢቱን ዘርግፋችሁ እዩ። ጎረቤት ስቴቶቹ አሪዞናና ኔቫዳ ውስጥ ማስያዣ የለም፤ ከዚያ የመጣ ጣሳ ላይ ገንዘብ መክፈል ወንጀል ውስጥ ይከታችኋል። ከ2024 ጀምሮ የወይንና የአረቄ ጠርሙስም ስለተጨመረ ለመስታወት ጠርሙስ ሰፊ ቦታ ያዙ፣ ከባድ ነው።