ገጸ ባሕርይ ተውሳችሁ ለምትጽፉ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተቀምጣችሁ ፋን ፊክሽን (የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያትን ተውሶ የሚጻፍ ታሪክ) ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጽሑፉን ከመልቀቃችሁ በፊት ንግግሮቹን ብቻ ለይታችሁ አውጡ። የተናጋሪዎቹን ስም አጥፉ። ከዚያ ዋናውን መጽሐፍ ላነበበ ጓደኛ ስጡትና «ይሄን ያለው ማነው?» በሉት። ካላወቀ፣ የተዋሳችሁት ስሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ጉዱ ካሳን እንውሰድ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ አንባቢ አብሮት ኖሯል። ደሴ ፒያሳ አምጥታችሁ ቡና ብታጠጡት ማንም አይቆጣም። ሰኞ ገበያ ቢዞርም ደስ ይላል። ጎጃሜውን ሰው እንደ ወሎዬ «አብሽር» ስታስብሉት ግን አንባቢው ይነቃባችኋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጌቶች ፊት ዝም ማሰኘት ነው። ካሳ እብድ የተባለው እኮ የመኳንንቱን ሥርዓት ፊት ለፊት ስለሚተች ነው! የግድ ዝም ይበል ካላችሁ፣ ምን እንደያዘው መጀመሪያ አሳዩን። ለማን ሰግቶ ነው? ይሄ በአንድ መስመር አያልቅም፤ ራሱን የቻለ ትዕይንት ይፈልጋል።

አንባቢ ሆናችሁ ስትተቹም «ካሳን አበላሸኸው» ብላችሁ አትለፉ። የቱ ንግግር ላይ እንደጠፋባችሁ ጥቀሱለት። «እሱ እንዲህ አያደርግም» ትችት ነው። «እኔ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም» ግን የእናንተ ምኞት ነው፤ ጸሐፊው የማሟላት ዕዳ የለበትም። የመጽሐፉን ፍቅረኞች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ጦሳ ተራራ ሥር ልዳር ካለ፣ ይዳር።