ኤስኤቲ ማትሪክ አይደለም፦ ከድሬና ከሐረር አዲስ ለመጣችሁ

«የኤስኤቲ ማለፊያ ስንት ነው?» አሜሪካ የገባ የድሬ ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ኤስኤቲ አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ነው፤ ማለፊያ ግን የለውም። እንደ ማትሪክ 50 ከመቶ ያላመጣ ወደቀ አይባልም። ውጤቱ ከ400 እስከ 1600 ነው፤ ስንት እንደሚበቃ የሚወስነው የምታመለክቱበት ኮሌጅ ነው። ኤምአይቲና ሃርቫርድ ውጤት ይጠይቃሉ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ብትልኩለትም ለቅበላ አያየውም፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) ለመግባት ጭራሽ አያስፈልግም። መጀመሪያ የት እንደምታመለክቱ እወቁ።

ፊዚክስና ባዮሎጂ ስትሸመድዱ የከረማችሁ፣ እዚህ አይጠየቅም። ያለው እንግሊዝኛ (54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ) እና ሒሳብ (44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ) ብቻ ነው። እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ደህና ከሠራችሁ ሁለተኛው ይከብዳል። ሲከብድ አትደንግጡ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ቀላሉ የደረሰው ልጅ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ ከፍተኛውን ነጥብ አያገኝም። ወደ ሁለተኛው ከተሻገራችሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ ትቶ መውጣት ሞኝነት ነው። ሒሳቡ ላይ ዴስሞስ የሚባል ካልኩሌተር እዚያው ስክሪኑ ላይ አለ። አገር ቤት በእጁ ሲያሰላ የኖረ ልጅ ሳይነካው ይወጣል፤ ሁለት እኩልታ ጽፎ ግራፎቹ የተገናኙበትን ነጥብ መንካት ብቻ በቂ ሆኖ ሳለ ወረቀት ሲሞላ ጊዜው ያልቃል።

ሰው የሚቃጠለው ግን ፈተናው ላይ ሳይሆን ምዝገባው ላይ ነው፤ በስም። «መሐመድ» የሚለውን ስም ፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ይጽፈዋል፣ ተተርጉሞ የመጣው ትራንስክሪፕት በሌላ፣ ልጁ ራሱ ፈተናውን የሚያዘጋጀው የኮሌጅ ቦርድ ድርጅት ጋ አካውንት ሲከፍት ደግሞ በሦስተኛ። በፈተናው ጠዋት በር ላይ የምትቆመው ተቆጣጣሪ የመግቢያ ቲኬቱንና መታወቂያውን ታስተያያለች። ካልገጠመ ትመልሳችኋለች፤ «እሱ የአባቴ ነው፣ ያኛው የአያቴ ነው» ብላችሁ ብታስረዷት ዋጋ የለውም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ስለዚህ ስትመዘገቡ በዕለቱ የምትይዙትን መታወቂያ ፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ። የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው የአባትም ይሁን የአያት፣ እሱኑ። የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ የሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ኮሌጁ ውጤታችሁን ከማመልከቻችሁ ጋር የሚያገናኘውም በስምና በልደት ቀን ስለሆነ፣ በር ላይ ያመለጠ ስህተት በኋላ ይመጣባችኋል። መታወቂያው ፎቶ ያለበት፣ ጊዜው ያላለፈና ዋናው ራሱ ይሁን፤ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሠራም። መታወቂያ የሌለው የትምህርት ቤቱን ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) የተማሪ መታወቂያ ፎርም ያስሞላ። ስህተት ካያችሁ ኮሌጅ ቦርድ ደውላችሁ አስተካክሉ እንጂ ሁለተኛ አካውንት አትክፈቱ፣ ውጤታችሁ ሁለት ቦታ ይበተናል።

ካውንስለሩ ጋ ከሄዳችሁ አይቀር የክፍያ ነጻነትም ጠይቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ጊዜ በነጻ ይፈተናሉ። አፍሮ ዝም ያለ ልጅ ከኪሱ ይከፍላል፣ ማንም ቀድሞ አይነግረውም።

ፈተናው የሚሠራው ብሉቡክ በሚባል አፕ ነው። ላፕቶፕ የሌለው ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ካመለከተ ኮሌጅ ቦርድ ያውሰዋል፤ ሳምንት ሲቀረው የሚሯሯጥ አያገኝም። የመግቢያ ቲኬቱ የሚወጣው ከፈተናው በፊት ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ አፑ ላይ ዝግጅቱን ስትጨርሱ ነው።

ለማጠናከሪያ ብዙ ገንዘብ አትክፈሉ። በርጫ ላይ «የአክስቴ ልጅ በሁለት ሳምንት 1500 አመጣ» የሚል ወሬ ሰምቶ ኮርስ የሚገዛ ሰው ያሳዝናል። ብሉቡክ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉት፣ ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት መማሪያም ነጻ ነው። ሳቢያን ወይም ከዚራ ቁጭ ብሎ ቪዛ የሚጠብቅ ዘመድ ካላችሁ፣ ከአሁኑ ይጀምር። በላፕቶፕ ወይም በአይፓድ ይሁን፤ ብሉቡክ ስልክ ላይ አይሠራም።