ዕውር አይደለችም፦ ስለ ሌሊት ወፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ አስራ ሁለት ተኩል ግድም ፋሲል ግቢ አጥር ጥግ ብትቆሙ፣ የሌሊት ወፎች ከራሳችሁ በላይ ውር ውር ሲሉ ታያላችሁ። አብሮ የቆመ ሰው የሚለውን ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል።

«ዕውር ናት» ማለት

ዓይን አላት፤ ታያለች። ግን ያለ ዓይንም ትበራለች። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ስፓላንዛኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ የሌሊት ወፎችን ዓይን አጥፍቶ ለቀቃቸው (ጭካኔ ነው)፤ ምንም ሳይነኩ በረሩ። ስዊዘርላንዳዊው ዡሪን ጆሮአቸውን ሲደፍነው ግን ካገኙት ነገር ጋር ይላተሙ ጀመር። በጆሮ ምን እንደሚሰሙ ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

«ድምፅ የላትም» ማለት

ኧረ እየጮኸች ነው! የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 20,000 ንዝረት) ነው የሚሰማው፤ የአብዛኞቹ ጩኸት ከዚያ በላይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1938 ይህንን በመሣሪያ ሰማው። የራሷ ጩኸት እንዳያደነቁራት፣ በምትጮህበት ቅጽበት ጆሮዋ ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ትኮማተራለች።

የሚመራት ተመላሹ ድምፅ ነው፤ የገደል ማሚቶ የምንለው። ከሰፊ ግንብ 34 ሜትር ርቃችሁ ብታጨበጭቡ ድምፁ ደርሶ የሚመለሰው በ0.2 ሴኮንድ ገደማ ነው። ለእሷ 1.7 ሜትር ላይ ካለች የእሳት ራት የሚመለሰው በ0.01 ሴኮንድ ነው። ይህችን ቅንጣት ጊዜ ነው ወደ ርቀት የምትመነዝረው።

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትጮሃለች» ማለት

የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር አስቡት። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ይፈጥናል። ከዚያ ዶፍ ይሆንና ጠብታው አይለይም። እሷም ነፍሳት ስታስስ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ትጮሃለች፤ እየቀረበች ስትሄድ ታፈጥነዋለች፤ ልትይዝ ስትል 200 ሊጠጋ ይችላል። የምታሳድዳት ነፍሳት ቦታ ስለምትቀያይር አሮጌ ወሬ አይጠቅማትም።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው» ማለት

ፍራፍሬ በሎቹ ትልልቆቹ በአብዛኛው የሚተማመኑት በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው። ከእነሱ መካከል ዋሻ የሚያድሩ አንዳንዶቹ ግን ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማሚቶ ይሰማሉ።

«አትሳሳትም» ማለት

ሸካራ ድንጋይ ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከፊሉ ይደርሳታል። ለስላሳ መስታወት ግን ከጎን ስትመጣ ድምፁን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። ምንም አልተመለሰማ፣ ባዶ መንገድ ይመስላትና ትላተማለች። የፋሲል ግንብ ከአዲሱ የመስታወት ሕንፃ ይሻላታል ብል ማጋነን አይደለም።

መጥረጊያ ማንሳት

ልጅ ሆኜ አንዷ ሳሎናችን ገባች። አክስቴ «ፀጉሬ ውስጥ ልትገባ ነው!» ብላ ነጠላዋን ተከናነበች፤ እኔ መጥረጊያ አነሳሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ፀጉር አትፈልግም፤ ዝቅ ብላ የምትዞረው መውጫ ፍለጋ ነው። በባዶ እጅ መንካትም አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። በር ዘግታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ መብራት አጥፉ።

አባቴ እንደዚያ አደረገ። ሁለቴ ዞረችና በመስኮቱ ውልቅ። አክስቴ ግን እስኪነጋ ነጠላዋን አላወረደችም።