አርቪ ይዛችሁ ወደ ፍሎሪዳ ኪስ ስትወርዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ስለተደረደሩት ደሴቶች፣ ስለ ፍሎሪዳ ኪስ፣ የሚወራው ሁሉ ስለ ዘና ማለት ነው። ነጠላ ጫማ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኪ ዌስት ማሎሪ ስኩዌር ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጨበጨበው ጭብጨባ። ውሸት አይደለም፤ እዚያ የሚቸኩል ሰው ብዙም አይታይም። አርቪ፣ ማለትም አልጋና ማድቤት የተሸከመ መኪና፣ ይዞ ለሚሄድ ግን ዘና ማለቱ የሚመጣው ዝግጅቱ ቀድሞ ካለቀ ብቻ ነው። ምክንያቱም መንገዱ አንድ ነው። ዩኤስ 1 የሚባለው አውራ ጎዳና ደሴቶቹን በ42 ድልድዮች እያገናኘ 113 ማይል ይወርድና ኪ ዌስት ላይ ያበቃል። ከኪ ላርጎ ወዲያ ሌላ አማራጭ የለም። የተሳሳተ ሰው "በሌላ በኩል ልዙር" ማለት አይችልም።

"ደርሰን ቦታ እንፈልጋለን" ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባሂያ ሆንዳ፣ ከሪ ሃሞክና ጆን ፔነካምፕ የስቴቱ ፓርኮች ናቸው። ዋጋቸው ከግሎቹ በጣም ስለሚረክስ ሁሉም የሚሻማው እነሱን ነው። የፍሎሪዳ ነዋሪ ከ11 ወር በፊት ቦታ መያዝ ይችላል። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ግን 10 ወር ነው የሚፈቀድለት። የዲሲ ወይም የአትላንታ ሰው ገና ሳይጀምር አንድ ወር ተቀድሟል ማለት ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች ላለው ጊዜ ደግሞ ቦታው በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ተስፋ ግን አትቁረጡ። ሰው ይሰርዛል። በተለይ የሥራ ቀናት ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ ስልካችሁ ላይ ጠዋት ማታ ማየት ነው። ካልሆነ ማራቶን አካባቢ የግል አርቪ ፓርኮች አሉ። በብርዱ ወራት ዋጋቸው የሆቴል ያህል ነው፤ አትደንግጡ።

"መንገድ ዳር አቁመን እንተኛለን" የሚል ሐሳብ ካለ ከወዲሁ ይቅር። ሌላ ስቴት የለመዳችሁት የሱቅ ፓርኪንግ እዚህ አይሠራም። ሌሊት መስኮት የሚያንኳኳው ፖሊስ ነው።

የመኪናውን ቁመት ሳያውቁ ቦታ መያዝ

ባሂያ ሆንዳ ውስጥ ቤይሳይድ የሚባል የካምፕ ክፍል አለ። ፎቶው ያማልላል፤ ውሃው ጥግ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን በአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር ያልፋል። የማለፊያው ቁመት 6 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ብዙው የኪራይ አርቪ ከ10 ጫማ በላይ ነው። ትንሽ ቫን ወይም ድንኳን ካልሆነ አይታሰብም። ለትልልቆቹ በተንዉድ የሚባለው ክፍል አለላችሁ። ቦታ ስትይዙ ርዝመቱንም እዩ። የአርቪያችሁን ቁመትና ርዝመት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት፤ ሹፌሩ የተለመደችውን ቶዮታውን የሚነዳ እየመሰለው ይረሳል።

ሰፊ አሸዋ መጠበቅ

ደሴቶች ናቸው፣ ሞቃት ናቸው፣ ስለዚህ ነጭ አሸዋ በየቦታው ይኖራል ብሎ የሚሄድ ሰው ይናደዳል። ከዳርቻው ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ውስጥ፣ የኮራል ሪፍ (ከውሃ በታች እንደ ግንብ የተዘረጋ የኮራል ድንጋይ) አለ። ማዕበሉ እዚያ ይሰበርና ዳርቻው ላይ አሸዋ የሚያከማች ኃይል አይኖረውም። ስለዚህ አብዛኛው ዳርቻ ድንጋይና ማንግሮቭ (ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ነው። ደህና አሸዋ የምታገኙት ባሂያ ሆንዳና ማራቶን ያለው ሶምብሬሮ ቢች ላይ ነው። ሶምብሬሮ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ለልጆችም ይመቻል። የውሃ ጫማ ያዙ።

የኪስ ሀብት ከውሃው በታች ነው። ጆን ፔነካምፕ በ1963 የተከፈተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የባሕር ውስጥ ፓርክ ነው። ሪፉ ግን ከዳርቻው ማይሎች ይርቃል፤ በጀልባ ነው የሚኬደው። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለዩ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁለት የምግብ ቤት እራት አንድ የጀልባ ጉዞ ይሻላል።

ቡናውን አርቪው ውስጥ ማፍላት

ጀበናው አብሮ ይሂድ፣ ምንም ችግር የለውም። ከሰሉ ግን ከበሩ አይለፍ። አርቪ ትንሽ ነው፣ ኤሲ ሲበራ ደግሞ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። አገር ቤት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ስለተኛ ሰው ያልሰማ የለም። በትንሽ አርቪ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። አላርሙ ጮኸ ብሎ ባትሪውን መንቀል ደግሞ እብደት ነው። ውስጥ የሚፈላ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። በከሰል ካማራችሁ ውጪ፣ ከጎን ከሚዘረጋው ሸራ ራቅ ብላችሁ፤ የባሕሩ ንፋስ ፍንጣሪ ያነሳል። መጀመሪያ ግን ፓርኩ እሳት ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ።

ኤሌክትሪክም ልክ አለው። ቦታችሁ 30 አምፕ ከሆነ የምታገኙት በጠቅላላ 3600 ዋት ነው። ኤሲው ብቻውን ወደ 1500 ይወስዳል። የእንጀራ ምጣዱ ሌላ 1500 ገደማ። ማይክሮዌቭ ስትጨምሩበት ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ነው። ወይ 50 አምፕ ያለው ቦታ ያዙ፣ ወይ ምጣዱን ቤት ትታችሁ እንጀራውን ጋግራችሁ ሂዱ።

የሽንት ቤቱን ታንክ ክፍት መተው

የፍሳሽ ማገናኛ ያለበት ቦታ ሲገኝ ብዙ ሰው ቱቦውን ይሰካና ቫልቩን ከፍቶ ይተወዋል። "ራሱ ይወርዳል" ብሎ። ፈሳሹ ይወርዳል፣ ሌላው ግን ታንኩ ውስጥ ይቀራል፤ ይደርቃል፤ ይቆለላል። በኪስ ሙቀት በሦስተኛው ቀን የሚሆነውን አልጽፈውም። ቫልቩ ዝግ ይሁን። ታንኩ ሞላ ሲል በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ ቀጥሎ የማጠቢያውን ውሃ ልቀቁ፤ ቱቦውን ያጥብላችኋል። ውሃ ቆጥቡ። ደሴቶቹ የሚጠጡት ከዋናው መሬት፣ ፍሎሪዳ ሲቲ አካባቢ ካሉ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ የሚመጣውን ነው።

ዓርብ ከሰዓት መውረድ፣ እሑድ ከሰዓት መውጣት

ሚያሚ ሁሉ የሚወርደው ዓርብ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ውረዱ። አድራሻ የሚነገረው በማይል ቁጥር ነው፤ ኪ ዌስት 0፣ ማራቶን 50 አካባቢ። "ኦሽንሳይድ" (በአትላንቲክ በኩል) ወይስ "ቤይሳይድ" (በባሕረ ሰላጤው በኩል) መሆኑንም ጠይቁ፤ ከመታጠፊያ አልፎ አርቪ ማዞር ከባድ ነው። ከኋላ መኪና ሲሰለፍባችሁ ወጣ ብላችሁ አሳልፉ።

ቢግ ፓይን ኪ ላይ ፍጥነቱ ቀን 45፣ ሌሊት 35 ነው። በቁም ነገር ነው። የኪ አጋዘን የሚባሉት፣ ከትልቅ ውሻ ብዙም የማይበልጡ፣ ከምድር ላይ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት መንገዱን ያቋርጣሉ። ቢለምዷችሁም አታብሏቸው፤ ሕገ ወጥ ነው።

አርቪውን ይዞ የኪ ዌስት አሮጌው ከተማ መግባት ደግሞ ራስን መቅጣት ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ማቆሚያ የለም። ካምፑ ውስጥ ትታችሁት በብስክሌት ግቡ። ዱቫል ስትሪት ላይ ዶሮዎች እንደ ልባቸው ሲንጎራደዱ ታያላችሁ። በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ዶሮ ወጥ አይታሰብ።

ስለ ነፍሳት አለማሰብ

ኖሲየም የሚሏት በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ነካሽ ነፍሳት አለች። የመስኮቱ ወንፊት አያግዳትም። ንፋስ ሲቆምና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በር ዝጉ።

በማዕበል ወቅት "እናያለን" ማለት

የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ኦገስትና ሴፕቴምበር ዋጋው የሚወርደው በምክንያት ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ሃሪኬን ኢርማ "ከጆ ኪ" የምትባለው ደሴት ላይ አረፈች። በ1935 የመጣው ደግሞ እስከ ኪ ዌስት ከተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ብዙ ማይሎችን ጠራርጎ ወስዷል። ባሂያ ሆንዳ ላይ የቆመው አሮጌ ድልድይ የዚያ ሐዲድ ነው፤ የተቆረጠው ግን በኋላ በሰው እጅ ነው። የብረት ሐዲድ ያልቻለውን አርቪ አይችለውም።

ለዚህ ነው ማዕበል ሲቃረብ ጎብኚዎችና አርቪዎች ከነዋሪው ቀድመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ48 ሰዓት በፊት፣ ውጡ የሚባሉት። ትእዛዙ ሲመጣ ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት አይቶ መወሰን የለም፤ ጎረቤታችሁ የደሴቱ ሰው ከሆነ የሚወጣበት ተራ የተለየ ነው። በዚህ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ። አርቪውንም ሆነ ቦታውን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በማዕበል ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ውሉ ላይ አንብቡ። አንዳንዱ የሚመልሰው ይፋ የመልቀቅ ትእዛዝ ከወጣ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይመልስም።