የእናትን የቁርጥማት ክትትል እንዴት እንያዝ

እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀመጥና «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ስትባል መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»። ያን ቀን ጠዋት የቀሚሷን ቁልፍ የቆለፍኩላት እኔ ነበርኩ። ታክሲ ስንሳፈር እጀታውን መጨበጥ አቅቷት ረዳቱ ነው ደግፎ ያስገባት። ሐኪሙ ግን የሰማው «ደህና ነኝ» የሚለውን ነውና ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ጽፎ፣ ለሦስት ወር ቀጥሮ ሸኘን። ሦስቱንም ወር እጇ እንዳበጠ ከረመች። እናቱን ይዞ የሚመላለስ ሰው እንዲህ ያለ ሦስት ወር እንዳይባክንበት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ በሽታውን በስሙ እንወቀው። ሠፈር ውስጥ መገጣጠሚያ የሚያመው ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ነው። ሕክምናው ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በእድሜና በሥራ ብዛት የተጎዳ ጉልበት ሲቆሙበትና ሲሄዱበት ውለው ማታ ይብሳል፤ ጠዋት ቢደርቅም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። ደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ የሚከማቸው ዩሪክ አሲድ የሚያመጣው ሪህ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣትን ያቃጥላል። የእናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የሁለቱንም እጆች አንጓና የጣቶችን ሥር ያሳብጣል፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ያደርቃል፣ ምንም ሳይሠሩ ያደክማል። ይህኛው የበላው መገጣጠሚያ ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ እብጠት ሳምንታት ከቆየ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መቀመጥ ጉዳት አለው።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል አትሂዱ፤ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። የድሮ የላብራቶሪ ወረቀትና ራጅ ያዙ፣ ወረቀቶቹንም በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርጉና ውሰዱ። እናቴ ከሠፈር ፋርማሲ ራሷ እየገዛች የምትውጠውን ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ሐኪሙ ያወቀው ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ነው። ያ መድኃኒት ሲደጋገም ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። የባህል መድኃኒት ካለም አትደብቁ።

አሁን ወደ ደብተሩ። ቀጠሮው ሰባት ቀን ሲቀረው ባለ አምሳ ሉክ ደብተር እከፍትና በየቀኑ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ስንት ሰዓት ተነሣች፣ ጣቷ ስንት ሰዓት ላይ ተፍታታ፣ ምን መሥራት አቃታት። ከአንዱ ገጽ ልጥቀስ፦ «ማክሰኞ። 12 ሰዓት ተነሣች። ጣቷ የተፍታታው 2 ሰዓት ተኩል። የጀሪካኑን ክዳን መክፈት አልቻለችም። ጀበናውን በሁለት እጇ ነው ያነሣችው። አንድ ማስታገሻ ዋጠች።» ሐኪም ከዚህ የሚያነበውን «ትንሽ ያማታል» ከሚለው አያገኝም። ጠዋት ያበጠውን እጅ ፎቶ ማንሳትም አትርሱ። ተራችሁ ከሰዓት በኋላ ከሆነ እጁ ፈታ ብሎ ይጠብቃል፤ ያየው ሰው ምንም የሌለ ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ ግን ከእሷ ጀርባ አታድርጉት። እናቴ ሃያ ዓመት እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ያሳደገችን ሴት ናት፤ ልጇ ሰው ፊት «አቃታት» ስትል መስማት ይከብዳታል። ማታውኑ «እማዬ፣ ነገ እኔ ልናገርልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማማረር እንዳይሆንብኝ ነው እንጂ ልጄ» አለች። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በዚህ ደብተር እንደሆነ ካስረዳኋት ወዲህ «ተመስገን» ትልና ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ራሷ ትሰጠዋለች።

ለቀጠሮ ቀን እጅጌው ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይሁን። ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ ማየት አለበትና። ከመውጣታችሁ በፊት ቢያንስ እነዚህን ጠይቁ፦ መድኃኒቱ መቼ ነው ለውጥ የሚያሳየው? የሚቀጥለው የደም ምርመራ መቼ ነው? ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ የሚያደርገኝ ምልክት የትኛው ነው?

ሜቶትሬክሴት የታዘዘለት ሰው ቤት ያላችሁ ይህን አንቀጽ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ለዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው፤ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እኛ መጀመሪያ ስንገዛ የወረቀት ከረጢቱ ላይ «4 ፍሬ በቀን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እናቴ እሁድ ዋጠች፣ ሰኞም ዋጠች። ማክሰኞ ጠዋት ስምንት ፍሬ መጉደሉን አይቼ ማዘዣውን ሳወጣው «በሳምንት አንዴ» ይላል። ጉልበቴ ተብረከረከ። በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት፤ የደም ምርመራ ተደረገላት፣ ማርከሻም ተሰጣት፣ ተረፈች። በየቀኑ ሲወሰድ አፍ ያቆስላል፣ የደም ሴሎችን ያወርዳል፣ ይገድላልም። ተሳስታችሁ ካበዛችሁ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ሂዱ።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ቀኑን እሁድ አደረግነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በልታ ትወስዳለች፤ ስሙንም «የእሁዷ» ብላዋለች። ማንበብ ስለማትችል ማሸጊያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ መስቀል አድርጌበታለሁ። የሜቶትሬክሴትን ጉዳት የሚቀንሰውን፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቢጫ ፍሬ እንዳዘዙላት በሌላ ቀን ትወስዳለች። የሜቶትሬክሴቱ ማሸጊያ በተለወጠ ቁጥር ፍሬው ስንት ሚሊግራም እንደሆነ እዩ፤ ባለ 2.5 አለ፣ ባለ 10ም አለ። ለሳል ወይም ለሽንት ቧንቧ ሌላ ቦታ ስትታከም «ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች» በሉ፤ በተለይ ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙዎቻችን ባክትሪም የምንለው አንቲባዮቲክ፣ ከእሱ ጋር አደገኛ ነው። ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ከመጣ ቀጣዩን ከመውሰዷ በፊት ሐኪም ያነጋግሩ። የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ በየሦስት ወሩ ገደማ ይደረጋል፤ ደህና ናት ተብሎ አይዘለልም። ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃልና በወሩ «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትተዉ። ወጣት ሴቶች ደግሞ ለማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ጽንስን ይጎዳል።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት እብጠቱንና ሕመሙን በቀናት ውስጥ ስለሚያስታግስ ሰው ይወደዋል። እናቴም ፊቷ ሞላ ሲል ጎረቤት «ተመቻት» ይል ነበር። ያ የመድኃኒቱ ውጤት ነው። ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። በራስ ፈቃድ እየገዙ መቀጠልም፣ ሲወስዱ ሰንብተው ድንገት ማቋረጥም አደጋ አለው፤ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ስለ ፍልውሃ ይጠይቁኛል። ሙቀት የደረቀ ጣትን ያፍታታል፤ እኛም ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርገን እጇን አሥር ደቂቃ እንነክራለን። የሚያቃጥልና የቀላ እብጠት ላይ ግን ሙቀት አይደረግም፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው የሚሻለው። ያበጠ መገጣጠሚያ በወጌሻ አይታሽ። ጸበል ትሄዳለች፣ መድኃኒቷንም ይዛ ነው የምትሄደው፤ የነፍስ አባቷን ጠይቃ ነው። በጾም ወራት ፕሬድኒሶሎኑን በባዶ ሆድ እንዳትወስድ ሰዓቱን ከሐኪሟ ጋር አስተካክለናል።

ቤት ውስጥ ደግሞ፦ የአክንባሎው እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወፍሯል፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በባለ 5 ተተክቷል። የታጠበ ልብስ አትጠመዝዝም፤ ቧንቧው ላይ ጠምጥማ ውሃውን ታወርደዋለች። መጋገሩን አልተወችም፣ መተውም አትፈልግም። ሊጡን የማቦካው እኔ ነኝ፣ ምጣዱ ላይ የምታዞረው እሷ ናት።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ እኔ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎች እዞራለሁ፤ አንዳንዴ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

ቀጣዩ ቀጠሯችን ጥር 27 ነው። ደብተሩን ጥር 20 እንከፍታለን።