ሰምና ወርቅ እንዴት ይፈታል?

ሰምና ወርቅ ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ «ሰም»፣ ከሥሩ የተደበቀው «ወርቅ» የሚባልበት ግጥም ነው፤ በዓይን ብቻ አንብቦ መፍታት ይከብዳል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም፤ ወርቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ድምፅ አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በሉት። ለመለማመጃ ይህችን እንያዝ፦

ሠርጋችን መቼ ነው ብዬ ብጠይቃት፣
ገና ነው አለችኝ ደክሞኝ ስጠብቃት።

መጀመሪያ ሰሙን ብቻ ተረዱ። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሠርጉ ቀን ተቆርጦለታል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ ሰሙን ንቆ ወደ ወርቁ ይሮጣል። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ግን ግጥሙ ተበላሸ እንጂ አልረቀቀም።

ቀጥሎ ኅብረ ቃሉን፣ ሁለቱንም ፍቺ የተሸከመውን ቃል፣ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ ጀምሩ። እያንዳንዱን ቃል አንዴ አጥብቁት፣ አንዴ አላሉት። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ይሆናል፤ ወርቁ ይኸው።

ይህ ካልሠራ ቃሉን ሰንጥቁት፦ «በርበሬ» ውስጥ «በር»ና «በሬ» አሉ። አንዳንዱ ቃል ደግሞ ምንም ሳይነካ ሁለት ነው፤ «በቅሎ» የምትጫነዋም ናት፣ ከመሬት የበቀለውም ነው። በግእዝ ቅኔ ሞክሼ ፊደላትም፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት፣ ያገለግላሉ፦ «ሠረቀ» እንደ ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ እንደ አማርኛው ሰረቀ ነው። ዓይን ይለያቸዋል፣ ጆሮ ያቀላቅላቸዋል።

ያገኛችሁትን ወርቅ በቀሩት ቃላት አስመስክሩ። ቀኑ የተነገረው ሰው ለምን ይደክመዋል? «ደክሞኝ» በሰሙ ሥራ ፈት ይመስላል፣ በወርቁ ግን ቦታውን ያገኛል። ሰሙ ውስጥ እንዲህ ትርፍ የሚመስል ቃል ስታገኙ ጠርጥሩ።

ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሁሉ ግን ወርቅ አይደለም። «አለችኝ» ቢጠብቅ «የእኔ ናት» ይሆናል፤ ያማልላል። ነገር ግን እንዲያ ካነበባችሁት ለጥያቄው መልስ የሰጠ ሰው ይጠፋል፣ መጠበቁም ከንቱ ይሆናል። ጣሉት።

ወደ ግእዙ ቅኔ መግባት የሚፈልግ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ባለው የቅኔ ዓይነት በጉባኤ ቃና ይጀምር፤ ቅኔ ቤትም ተማሪውን የሚያስጀምረው በእሱ ነው። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ኅብሩን ማደን ለጀማሪ ድካም ብቻ ነው፤ ግስ ሳይቆጥሩ፣ የግእዝ ግሦችን ከነፍቺያቸው ሳያጠኑ፣ ደግሞ ጉባኤ ቃናውም አይከፈትም።