ሰሙን ሳናይ ወርቁን ስንሻማ፦ የመደብ ተምሳሌት ያለው ፊልም ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ጥቂት ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ፊልም እናያለን። ማራኪ አካባቢ አንዳችን ቤት ነው የምንገናኘው። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል። ቡና ይፈላል። ፊልሙ ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል። ከሁሉም በላይ የሚያሟግቱን ክፉ መጪ ዘመንን እየሳሉ ሀብታምና ድሃን በምሳሌ የሚያሳዩት ናቸው፤ ዲስቶፒያ የሚባሉት።

ሰሞኑን ያየነው የኮሪያዊውን ዳይሬክተር የቦንግ ጁን ሆን «ስኖውፒርሰር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። የምድርን ሙቀት ለመቀነስ ተብሎ ሰማይ ላይ ኬሚካል ይረጫል፤ ዓለም በረዶ ሆና ትቀራለች። የተረፈው ሰው ሳይቆም ምድርን በሚዞር አንድ ባቡር ውስጥ ነው። ከፊት ያሉት ይንደላቀቃሉ። የጭራው ፉርጎ ውስጥ ያሉት ተፋፍገውና ቆሽሸው ይኖራሉ። ከ17 ዓመት በኋላ ከርቲስ የሚባል ሰው እየመራቸው በሩን ሰብረው ወደ ፊት ይነሳሉ። መጨረሻውንም ስለምናገር፣ ያላያችሁት መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ።

ክርክራችን ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ወርቁን ፍለጋ ሰሙን መዝለል

በቅኔ አገር ያደግን ሰዎች ነን። ሰምና ወርቅ ሲባል ከልጅነታችን ሰምተናል። ግን ወርቅ መፈለግ ስለለመድን ሰሙን ሳናይ እንሻማለን። ፊልሙ በተጀመረ በ10 ደቂቃው አንዱ «ገባኝ፣ ባቡሩ ካፒታሊዝም ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ፊልሙ ላይ ቢሆንም የሚያየው የራሱን መልስ ነው።

ቅኔ የሚፈታ ሰው እንዲህ አይቸኩልም። መጀመሪያ ቃሉን ይይዛል። አንጥረኛም ወርቁን ከማፍሰሱ በፊት ሰሙን ቅርጽ ያስይዛል።

የጭራዎቹን ምግብ እንመልከት። ጥቁር ነው፣ እንደ ሳሙና የተቆረጠ፣ እንደ ጄሊ የሚርገበገብ። «ድሃ መጥፎ ይበላል ለማለት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ትንሽ እንቆይበት። ከርቲስ ምግቡ የሚሠራበት ክፍል ሲደርስ ከነፍሳት እየተፈጨ መሆኑን ያያል። ማሽኑ ላይ የቆመው ደግሞ ድሮ ከጭራው የተወሰደ ሰው ነው፤ የገዛ ጓደኛቸው። ወደ መጨረሻው ከርቲስ ራሱ ያልጠበቅነውን ይናገራል። በተሳፈሩበት ሰሞን፣ ያ ጥቁር ነገር ከመምጣቱ በፊት፣ ጭራው ውስጥ ሰው ሰውን በልቷል። እርስ በርስ ከመበላላት ያወጣቸው ይኸው የሚጠየፉት ቁራጭ ነው። የሚያዋርድህ እጅና የሚያበላህ እጅ አንድ ሲሆን ምን ታደርጋለህ? ለእኔ የፊልሙ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ሰሙን የዘለለ ሰው ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ፊልም የምናየው በትርጉም፣ ወይም «ታሪኩ ባጭሩ» እያለ በሚተርክ ቪዲዮ ነው። ተራኪው ማን ማንን እንደመታ ይነግረናል። ጭራው ውስጥ መስኮት እንደሌለ ግን አይነግረንም። ወደ ፊት በሄዱ ቁጥር ብርሃኑና ቀለሙ እንደሚደምቅ አይነግረንም። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ፊልም በባጭሩ አትዩት።

አንድ ነገር፣ አንድ ፍቺ

ሌላው ስህተት ተምሳሌትን እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ማየት ነው። ባቡሩ ይህ፣ ጫማው ያ፣ ባለቤቱ ዊልፎርድ እገሌ እያልን ዝርዝር እናወጣለን። ዝርዝሩ ሲሞላ ፊልሙ ያለቀ ይመስለናል።

ይህ ስህተት ጎንደር ላይ ሲሠራ ይቆጨኛል። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልቶች ከዚህችው ከተማ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። መምህሩ ንባቡን ይፈታል። ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። ደግሞም «አንድም» ይላል። ሁለተኛው የፊተኛውን አያፈርሰውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ያም ሆኖ እንደፈለጉ መናገር አይቻልም። እያንዳንዱ አንድም ከንባቡ ጋር መግጠም አለበት።

እስቲ ባቡሩን እንዲህ እንፍታው። ባቡሩ በጎኑ የተጋደመ የመደብ መሰላል ነው። አንድም፣ የኖኅ መርከብ ነው፤ ከጥፋት የተረፈው ሁሉ እሱ ውስጥ ነውና። አንድም፣ ጣዖት ነው፤ መማሪያ ክፍል ያሉት ሕፃናት ለሞተሩ ይዘምሩለታልና። ሦስቱንም ፊልሙ ይሸከማቸዋል። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው ሕፃናቱ ለምን እንደሚዘምሩ አይገባውም።

ድሃው ደግ፣ ሀብታሙ ክፉ

ይህኛው በጣም የተለመደው ነው፤ በጣም የሚጎዳውም እሱ ይመስለኛል።

ከርቲስን ጀግና አድርገን እንይዘዋለን። ሆኖም አብሮት የሚያምፀውን የወጣቱን የኤድጋርን እናት የገደለው እሱ ነው። ኤድጋር ያኔ ሕፃን ነበር፤ ሊበላ ነበር። ያተረፈው ጊልያም የሚባለው ሽማግሌ ነው፤ በሕፃኑ ፈንታ የገዛ ክንዱን ቆርጦ ሰጠ። እንግዲህ ከእሱ የሚበልጥ ደግ ከየት ይመጣል? ዊልፎርድ ግን ጊልያም ከእሱ ጋር ሲመካከር እንደኖረ፣ አመፁም የሰውን ቁጥር ለመቀነስ የታቀደ እንደነበር ለከርቲስ ይነግረዋል። ይህን ስንሰማ ክፍላችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ «ታዲያ ማንን እንውደድ?» አለ። ጥያቄው ስለማን እንደግፍ ከሆነ ፊልሙ አይመልስለትም።

መደብ የሚለውን ቃል ልብ እንበለው። ገጠር ቤት ውስጥ መደብ ግድግዳ ተጠግቶ ከጭቃ የሚሠራ መቀመጫ ነው። መደብ ከሰው ጠባይ በፊት የተቀመጠበት ቦታ ነው ማለት ነው። ፊልሙ የሚጠይቀውም ቦታው ሰውን ምን እንደሚያደርገው ነው። ለዚህ ነው ዊልፎርድ ከርቲስን ከመግደል ይልቅ ወንበሩን ሊያወርሰው የሚፈልገው። ከርቲስም ይፈተናል። ወደ ልቡ የሚመልሰው ከወለሉ ሥር ያየው ነገር ነው፦ ያለቀ የሞተር ዕቃ በትንሽ ልጅ ተተክቷል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሚገባበት ትንሽ ልጅ ብቻ ነው። ዊልፎርድ ይህን ሲያስረዳ ድምፁ የተረጋጋ ነው። ጥርሱን ሲያፋጭ የምናይ ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር።

መሃሉን መርሳት

ሁልጊዜ ስለ ፊትና ስለ ጭራ ብቻ እናወራለን። መሃሉስ? የበሮቹን መቆለፊያ የሠራው ናምጉንግ አለ። ነፍሰ ጡሯ መምህርት አለች። መጥረቢያ የያዙት ጠባቂዎች አሉ። ባቡሩን ቀን በቀን የሚያስኬዱት እነሱ ናቸው። እኛም፣ ፕሮጀክተር ተከራይተን ቡና እየጠጣን ስለ ድህነት የምንከራከረው፣ ራሳችንን የምናገኘው እዚያው መሃል ላይ ይመስለኛል።

የገጸ ባሕርይን ንግግር የፊልሙ ቃል ማድረግ

ሜሰን የምትባለው ሹም ጫማ አስመጥታ ትሰብካለች። ጫማ ራስ ላይ አይደረግም፣ እናንተ እግር ናችሁ፣ ቦታችሁን እወቁ ትላቸዋለች። ከመካከላችን «በአነጋገሯ አስቀያሚ ናት እንጂ ሥርዓት ግን ያስፈልጋል» ያለ ነበር። የተናገረው ማነው፣ ለማን፣ ምን እያደረገ? ስትናገር አንድ አባት ክንዱ ከፉርጎው ውጭ ብርዱ ላይ እንዲደርቅ ተደርጎ ነው። ንግግሩን ከዚያ ክንድ ነጥሎ መስማት አይቻልም።

ዳይሬክተሮችም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» በራስና በእጅ መካከል አስታራቂው ልብ መሆን አለበት ብሎ ያልቃል። ላንግ ራሱ ከጊዜ በኋላ ይህን መደምደሚያ አልወደደውም።

ወደ ሰፈራችን ስናመጣው ልኩን መሳት

«ይሄ የኛው ታሪክ ነው» ማለት ደስ ይላል። አንድ ጓደኛችን ባቡሩን ከጥንቷ ጎንደር ጋር አነጻጸረው። ፋሲል ግቢ አጥር ውስጥ ነበር። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተደርጓል። ቤተ እስራኤልም የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። በር፣ ፉርጎ፣ ጥበቃ፤ ተመሳሳይ ነው አለ።

ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ይጎድለዋል። እዚያ ሰውን የለየው በዋናነት ሃይማኖት ነው። ሀብታም ሙስሊም ነጋዴ ነበር፣ ድሃ ክርስቲያን ነበር። ባቡሩ ውስጥ የሚለየው የገቡበት ቲኬት ነው። ሁለቱን ካደባለቅናቸው ሁለቱም ይደበዝዛሉ። ከፊልሙ መዋስ የምንችለው ጥያቄውን ነው። ግንቡን ስናይ ቁመቱን ከማድነቅ አልፈን ድንጋዩን ማን ጠረበ፣ ኖራውን ማን አቦካ፣ ማታ ደግሞ የት ሄዶ አደረ ብለን እንጠይቅ።

መጨረሻውን ቀድሞ መወሰን

ያን ቀን ፊልሙ 20 ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ሻማ አብርተን መጨረሻውን መገመት ጀመርን። ግማሹ ከርቲስ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል አለ። ግማሹ ዊልፎርድን ገድሎ ምግቡን እኩል ያካፍላል አለ። ሁላችንም ባቡሩ መሄዱን እንደሚቀጥል እርግጠኞች ነበርን። ከባቡሩ ወደ ውጭ የሚያወጣውን የጎን በር ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

መብራት መጣ። ናምጉንግ ያን በር ሊያፈነዳበት ያሰበውን ፈንጂ ልጁ ዮና ለኮሰችው። ባቡሩ ከሀዲዱ ወጣ። ከፍርስራሹ ዮናና ከሞተሩ ወለል ሥር የወጣው ትንሹ ቲሚ ብቻ በበረዶው ላይ ሲራመዱ ታዩን። ከሩቅ ነጭ ድብ ቆሞ ያያቸዋል። አንዱ «አለቁ፣ ይበላቸዋል» አለ። ሌላዋ «ድብ ካለ የሚበላው ነገርም አለ፤ ውጭ ሕይወት አለ ማለት ነው» አለች።

ክርክሩ ሲከር ይህችው ልጅ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። «ድልድዩ ጋ ልመልሰው» አለች። ሰው ሁሉ ሲጋደል ናምጉንግ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይበት ቦታ ነው። በረዶ ውስጥ የተቀበረ አውሮፕላን አለ። ናምጉንግ በየዓመቱ እዚያ ሲያልፉ ያየዋል፤ በየዓመቱም ከበረዶው ትንሽ ወጣ ይላል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ዓይናችን መጥረቢያዎቹ ላይ ነበር።